የአመጋገብ መጠይቅ እውነቱን መለካቱን እንዴት እንፈትሽ?

አንዲት ተሳታፊ ከሥልጠናው በፊት «በቀን ስንት ጊዜ አትክልት ይበላሉ?» ተብላ «ሁለት» አለች። ከ6 ሳምንት ትምህርት በኋላ ያው ጥያቄ ሲቀርብላት «አራት» አለች። ለውጡ ከገበታዋ ነው ወይስ ከአንደበቷ? በመሃሉ አሠልጣኙ አትክልት አዘውትሮ መብላት ጥሩ መሆኑን ደጋግሞ ነግሯታል። ከዚያ በፊት ከአትክልት የማትቆጥራቸውን ምግቦች እንድትቆጥርም አስተምሯታል። ሁለቱም የምትበላውን ሳይነኩ መልሷን ብቻ ሊቀይሩ ይችላሉ።

ለሥነ ምግብ ትምህርት የሚውል መጠይቅ ከሌላው መጠይቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርቱ ራሱ መለኪያውን ያንቀሳቅሰዋል። አንድ መጠይቅ ብዙ የሚበሉትን ከትንሽ ከሚበሉት በሚገባ ሊለይና ለውጥን ግን ጨርሶ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ችሎታዎች ለየብቻ ይፈተሻሉ። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከጥያቄው አጻጻፍ ይጀምርና ወደ ለውጥ መለኪያው ይደርሳል።

ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ገጽ የሚጻፍ

ፍተሻ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በስሌቱ ሳይሆን በዚህ ገጽ አለመኖር ነው። መጠይቁ የሚለካው ምን እንደሆነ (ድግግሞሽ፣ መጠን፣ ልማድ ወይስ ዕውቀት)፣ ስለ የትኛው ጊዜ እንደሚጠይቅ (ትናንት፣ ያለፉት 7 ቀናት፣ ያለፈው ወር)፣ መልሱ በምን እንደሚቆጠር፣ ውጤቱም ለምን እንደሚውል ይጻፉ። የሁለት ቡድኖችን አማካይ ለማወዳደር የሚበቃ መጠይቅ ለአንድ ሰው ምክር ለመስጠት ላይበቃ ይችላል፤ ይህንን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው በኋላ ቁጥሮቹን ለሁለቱም ሊጠቀምባቸው ይፈተናል።

የጊዜው ርዝመት ከትምህርቱ ጋር መግጠም አለበት። ትምህርቱ 6 ሳምንት ቆይቶ መጠይቁ ስላለፉት 3 ወራት ቢጠይቅ፣ የማብቂያው መልስ ግማሽ ያህሉ ከትምህርቱ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። እውነተኛ ለውጥ ቢኖር እንኳ ደብዝዞ ይታያል።

ጥያቄው ምን ተብሎ ነው የሚገባው?

ከሁሉም ደረጃዎች በትንሽ ወጪ ብዙ የሚያስገኘው ይህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው። መጠይቁን ወደፊት የሚሞሉትን የሚመስሉ ከ5 እስከ 10 ሰዎች ይምረጡ። የሥራ ባልደረቦች ለዚህ አይሆኑም፤ የሙያውን ቋንቋ ለምደዋል። ሰውየው ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብና መልሱ ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚያስበውን ሁሉ ይናገር። ከዚያ እየጠየቁ ይከታተሉ፦ «ይህን ጥያቄ በራስዎ አባባል ቢነግሩኝ?»፣ «አትክልት ሲባል ምን ምን ቆጠሩ?»፣ «ሦስት ላይ እንዴት ደረሱ?» «ገብቶዎታል?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። የታየውን ስህተት አርመው በአዲስ ሰዎች ይድገሙት። ከሁለት እስከ ሦስት ዙር በኋላ አዲስ ችግር መምጣቱን ሲያቆም ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ቀረብ ብለን እንይ፦ «አብዛኛውን ጊዜ በቂ ፍራፍሬና አትክልት ይበላሉ?» አንዱ ዓረፍተ ነገር አምስት ችግሮችን ተሸክሟል። «አብዛኛውን ጊዜ» ለአንዱ በሳምንት አራት ቀን፣ ለሌላው በየቀኑ ማለት ነው። «በቂ» የሚለው ቃል ፍርድ ይጠይቃል፤ ፍርዱም ከትምህርቱ በኋላ ይለወጣል፤ ስንት እንደሚያስፈልግ የተማረች ሴት የምትበላው ጨምሮም እንኳ «በቂ አይደለም» ልትል ትችላለች። «ፍራፍሬና አትክልት» ሁለት ጥያቄ ነው። ድንች ከአትክልት ይቆጠር አይቆጠር፣ ጭማቂ ከፍራፍሬ ይግባ አይግባ አልተነገረም። በመጨረሻም መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ስለሆነ ከሁለት ወደ አራት የሚደረግ ጭማሪ የሚታይበት ቦታ የለም።

የታረመው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ አትክልት የበሉት በስንቱ ቀን ነው? ድንችን አይቁጠሩ፤ ከሌላ ምግብ ጋር ተደባልቆ የበሰለውን አትክልት ይቁጠሩ።» መልሱ ከ0 እስከ 7 ነው። ቀጥሎ፦ «አትክልት በበሉበት ቀን የበሉት በሥዕሉ ላይ ያለውን ስንት እጥፍ ያህል ይሆናል?» ጥያቄው ረዘመ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይቆጥራል፤ ከትምህርቱ በፊትም በኋላም የሚቆጠረው ያው ነው። ምን እንደሚካተት በጥያቄው ውስጥ መጻፉ የትርጉም መንሸራተትን በእጅጉ ይቀንሳል።

የመጠን ሥዕሎችን ለብቻ ይፈትኑ። ምግቡን በሚዛን በግራም መዝነው በሳህን ላይ ያስቀምጡና ሰዎች የሚመስላቸውን ሥዕል እንዲመርጡ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ትንሹን መጠን ማብዛትና ትልቁን ማሳነስ ነው፤ መልሶች ወደ መካከል ይሰበሰባሉ። ሦስት ሥዕል ሲኖር መካከለኛውን መምረጥ ስለሚቀል አራት ሥዕል የተሻለ ነው። ሥዕሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሳህንና ከአንድ አቅጣጫ የተነሡ ይሁኑ፤ ለመጠን ማነጻጸሪያ የሚሆን ማንኪያ ወይም ሹካ አጠገባቸው ይግባ።

መጠይቁ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ከሆነ ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ይተርጉሙት፤ ሦስተኛው ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰው። ይህ ግን የምግብ ዝርዝሩን አያድንም። ከሌላ ማኅበረሰብ የተቀዳ ዝርዝር በዚያ የሚበላውን ይጠይቃል እንጂ ከፊትዎ ያሉት ሰዎች የሚበሉትን አይደለም። ዝርዝሩን ከራሳቸው የ24 ሰዓት የምግብ ትውስታ (ባለፈው አንድ ቀን የበሉትን ሁሉ ተጠይቀው ከተናገሩት) ይሥሩት፦ ከተበላው ንጥረ ምግብ 90 በመቶውን የሚያበረክቱት ምግቦች የትኞቹ እንደሆኑ ደርድረው እነሱን ያስገቡ።

የባለሙያዎች ግምገማ አጭር ሥራ ነው። ከ6 እስከ 10 ባለሙያዎች እያንዳንዱን ጥያቄ ለተፈለገው ዓላማ ካለው ተገቢነት አንጻር ከ1 እስከ 4 ይስጡት። 3 ወይም 4 የሰጡትን ለጠቅላላው ቁጥር ያካፍሉ። ከ8 ሰዎች 7ቱ ከሰጡ 0.88 ነው፤ ያልፋል። 6ቱ ብቻ ከሰጡ 0.75 ነው፤ የተለመደው ወለል 0.78 ስለሆነ ጥያቄው ወይ ይታረማል ወይ ይወጣል። የሁሉም ጥያቄዎች አማካይ 0.90 እና ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል። ባለሙያ የሚነግርዎት ምን እንደጎደለ ነው፤ ሰዎች እንዴት እንደሚረዱት ግን አይነግርዎትም።

ደግሞ መጠየቅ

ለተመሳሳይ ሰዎች፣ በመሃል ምንም ትምህርት ሳይኖር፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት መጠይቁን ሁለት ጊዜ ያስሞሉ። ቀኑ ካጠረ የቀድሞ መልሳቸውን አስታውሰው ይደግሙታል። ከረዘመ ደግሞ ወቅት ይለወጥና አመጋገቡም አብሮ ይለወጣል፤ ያኔ መጠይቁ ያልበደለውን ይከሰሳል።

ስሌቱን በፒርሰን ተዛምዶ (ሁለት መልሶች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸውን በሚያሳየው ቁጥር) ብቻ አይዝጉት። ሁሉም ሰው በሁለተኛው ጊዜ አንድ ቢጨምር ፒርሰን 1.0 ይላል፤ መልሶቹ ግን አንድም ቦታ አልገጠሙም። የሚፈለገው ፍጹም መግጠምን የሚለካው የውስጠ ቡድን ተዛምዶ፣ በአጭሩ አይሲሲ ነው። ከ0.50 በታች ደካማ፣ እስከ 0.75 መካከለኛ፣ እስከ 0.90 ጥሩ ተብሎ ይነበባል።

አይሲሲን አግኝቶ ሪፖርት ውስጥ መጻፍና ማቆም የተለመደ ነው፤ ዋናው ጥቅም ግን ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። የአንድን ጥያቄ መልስ እንውሰድ፦ በሰዎች መካከል ያለው መደበኛ ልይይት (መልሶች ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ) በቀን 1.2 ድርሻ (አንድ ድርሻ በአንድ ጊዜ የሚበላ የተወሰነ መጠን ነው)፣ አይሲሲው 0.70 ነው። የመለኪያው ስህተት ልይይቱ በ(1 ሲቀነስ አይሲሲ) ስኩዌር ሩት ሲባዛ ነው፦ 1.2 × √0.30 = 0.66። በአንድ ሰው ላይ ከመለኪያው መወላወል ተለይቶ ሊታይ የሚችለው ትንሹ ለውጥ 1.96 × √2 × 0.66 ነው፤ 1.8 ድርሻ ይሆናል። ይህን ቁጥር ከትምህርቱ ግብ አጠገብ ያስቀምጡት። ትምህርቱ በቀን አንድ ድርሻ ለመጨመር የታቀደ ከሆነ፣ «እርስዎ ተለውጠዋል» ብሎ ለአንድ ሰው መናገር በዚህ መጠይቅ አይቻልም። ለ100 ሰዎች አማካይ ግን ቁጥሩ ለ√100 ይካፈላል፤ 0.18 ይሆናል፤ የቡድኑ ለውጥ በደንብ ይታያል። አንዱ መጠይቅ ለአንዱ ሥራ ብቁ፣ ለሌላው ብቁ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም የአንድ መጠይቅ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ስለሚያሳየው ቁጥር፣ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ከ0.70 በላይ ካልሆነ መጠይቁ እንደማይረባ የሚቆጥሩ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለሚለኩ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ በራስ መተማመንን ወይም አመለካከትን ለሚጠይቁ፣ አልፋ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ነገር ግን አትክልት የሚያዘወትር ሰው ወተት ይጠጣል፣ ጨውም ይቀንሳል የሚል ሕግ የለም። የተለያዩ ልማዶችን በሚዘረዝር መጠይቅ ላይ አልፋ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እሱን ለማሳደግ ብሎ ጠቃሚ ጥያቄ ማውጣት መጠይቁን ያጎድለዋል። በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ይልቅ የመልሶች ስርጭት ነው፦ ከመነሻው ብዙዎቹ ከፍተኛውን መልስ ከመረጡ ከዚያ በላይ መሻሻል የሚመዘገብበት ቦታ የለም። ከ15 በመቶ በላይ ሰዎች ጫፉ ላይ ካሉ ጥያቄውን እንደገና ይመልከቱ።

ከምን ጋር ይነጻጸራል?

የተለመደው ማነጻጸሪያ ተደጋጋሚ የ24 ሰዓት ትውስታ ወይም በሚዛን የተመዘገበ የምግብ መዝገብ ነው። ለተሳታፊ ቁጥር ዝቅተኛው 50 ነው፤ 100 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ከዚያ ያነሰ ሲሆን ሁለቱ ዘዴዎች ምን ያህል እንደሚገጥሙ የሚሰጠው ግምት በጣም ይላላና ምንም ማለት አይቻልም።

ትውስታውን ከ2 እስከ 4 በሚሆኑ ያልተከታተሉ ቀናት ይውሰዱ፤ ቢያንስ አንዱ የሳምንት መጨረሻ ይሁን። ሰዎች ቀኑን ቀድመው እንዳያውቁ ማድረግ ይረዳል፤ ያወቀ ሰው ያንን ቀን አሳምሮ ይበላል። የሚመከረው አጠያየቅ በአምስት ዙር ነው፦ መጀመሪያ ሳያቋርጡ የተበላውን ሁሉ ማስዘርዘር፤ ቀጥሎ በተለምዶ የሚረሱትን (መጠጥ፣ ጣፋጭ፣ በመሃል የተቀማመሰ፣ ዳቦ ላይ የተቀባ) አንድ በአንድ መጠየቅ፤ ከዚያ ሰዓቱንና ቦታውን፤ ቀጥሎ ዝርዝሩንና መጠኑን፤ በመጨረሻ መልሶ አንብቦ «የቀረ አለ?» ማለት። ሁለተኛው ዙር የተዘለለበት ትውስታ ዘይትና ስኳርን በብዛት ያጣል።

ቅደም ተከተሉ ያስቸግራል። ትውስታው መጀመሪያ ከተወሰደ ሰዎች ለሚበሉት ነገር ንቁ ይሆኑና መጠይቁን ከወትሮው በተሻለ ይሞሉታል፤ መጠይቁ መጀመሪያ ከተሞላ ደግሞ የሚጠይቀው ትውስታዎቹ ከተወሰዱበት ወር በፊት ስላለው ጊዜ ነው። መፍትሔው መጠይቁን በወሩ መጀመሪያም በመጨረሻም ማስሞላት ነው። የመጀመሪያው ከንቃት ነፃ የሆነውን፣ የመጨረሻው ደግሞ የጊዜው ልክ የገጠመውን ውጤት ይሰጣል፤ እውነቱ በሁለቱ መካከል እንዳለ ይታሰባል።

ትውስታም መጠይቅም በሰው ማስታወስና በሰው ይሉኝታ ላይ ያረፉ መሆናቸውን አይርሱ። በአንድ አቅጣጫ አብረው ሲሳሳቱ የገጠሙ ይመስላሉ። በአሜሪካ በ484 ጎልማሶች ላይ በተደረገው ኦፕን በተባለው ጥናት፣ በድርብ ምልክት የተደረገበት ውኃ (ተጠጥቶ ሰውነት ያወጣው ኃይል በሽንት የሚለካበት ውኃ) ከሚሰጠው የኃይል ወጪ ልኬት አንጻር ወንዶች በ24 ሰዓት ትውስታ ከ12 እስከ 14 በመቶ፣ በምግብ ድግግሞሽ መጠይቅ (እያንዳንዱ ምግብ በየስንት ጊዜው እንደሚበላ በሚጠይቀው) ከ31 እስከ 36 በመቶ አሳንሰው ተናግረዋል። ሴቶች ደግሞ ከ16 እስከ 20 እና ከ34 እስከ 38 በመቶ። ሁለቱም ያሳንሳሉ፤ ስለዚህ አንዱ የሌላው ፍጹም ዳኛ አይደለም።

አቅም ካለ ከሰው አንደበት ነፃ የሆነ ባዮማርከር (በሽንት፣ በደም ወይም በቆዳ የሚለካ የአመጋገብ ምልክት) ይጨምሩ። ለፕሮቲን የ24 ሰዓት ሽንት ናይትሮጅን ይሠራል፦ ናይትሮጅኑን በ6.25 አባዝተው ለ0.81 ያካፍሉ። 11 ግራም ናይትሮጅን ከተገኘ 85 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። ለጨው የ24 ሰዓት ሽንት ሶዲየም አለ። ለአትክልትና ፍራፍሬ በደም ወይም በቆዳ ላይ የሚለካ ካሮቴኖይድ (ከአትክልትና ፍራፍሬ የሚገኝ ቀለም) አለ፤ የቆዳው በብርሃን ስለሚለካ መርፌ አይፈልግም፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ትምህርቱ ባለቀ ማግሥት ቢለካ ገና ላይታይ ይችላል። የሽንት ናሙና ትልቁ ችግር አለመሟላት ነው፤ ከቤት ውጭ የተሸናው ይቀራል። ለዚህ ሲባል ፓባ የተባለ ባለ 80 ሚሊግራም ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ ፓባው ከሞላ ጎደል ሁሉ በሽንት ስለሚወጣ፣ ከተሰጠው ከ85 በመቶ በታች ሽንቱ ውስጥ ከተገኘ ናሙናው ያልተሟላ ተብሎ ይወጣል። ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው ግን በቀለም በሚለካው ዘዴ የተሳሳተ ውጤት ያሳያል፤ ስለዚህ መድኃኒት መውሰዱን ይጠይቁ።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ባዶ የተተወን መልስ ዜሮ ብለው አይሙሉ። «አልበላም» እና «ዘለልኩት» የተለያዩ ናቸው፤ ባዶዎቹ በአንድ ጥያቄ ላይ ከተከማቹ ጥያቄው ራሱ አልገባም ማለት ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው ሥራ የብላንድ-አልትማን ሥዕል ነው፦ በአግድሙ የሁለቱ ዘዴዎች አማካይ፣ በቁሙ ልዩነታቸው። አማካይ ልዩነቱ 0.4 ድርሻ፣ የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት 1.1 ቢሆን፣ የመግጠም ወሰኖቹ 0.4 ± 1.96 × 1.1 ናቸው፤ ከ−1.8 እስከ +2.6። ማለትም ለአንድ ሰው መጠይቁ ከትውስታው በ1.8 ድርሻ ሊያንስ ወይም በ2.6 ሊበልጥ ይችላል። ነጥቦቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ እንደ ማራገቢያ ከተበተኑ ስህተቱ ከመጠኑ ጋር እያደገ ነው፤ በሎጋሪዝም ቀይረው እንደገና ይሥሩት።

ተዛምዶ ሁለተኛ ነው። ለምግብ መጠይቅ ከ0.5 እስከ 0.7 የተለመደ ውጤት ነው። ትውስታው ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን ተዛምዶው ካለበት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የአንድ ሰው አበላል ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ነው። ለማስተካከል ተዛምዶውን በ√(1 + ላምዳ ÷ ቀናት) ያባዙ፤ ላምዳ በአንድ ሰው ውስጥ ያለው ልዋጭነት በሰዎች መካከል ላለው ሲካፈል ነው። 0.42 ተዛምዶ፣ ላምዳ 2፣ ቀን 2 ቢሆን 0.59 ይመጣል። ያልታረመውንም ጎን ለጎን ይጻፉ።

ሰዎችን በአራት እኩል ክፍል ሲመድቡ በዕድል ብቻ 25 በመቶው በአንድ ክፍል ይገጥማሉ፤ 12.5 በመቶው በተቃራኒ ጫፎች ይወድቃሉ። «62 በመቶው በአንድ ወይም በአጠገብ ባለ ክፍል ገጠሙ» የሚል ሪፖርት ደስ ያሰኛል፤ ሳንቲም ወርውረውም ቢመድቡ ግን 62.5 በመቶ ነው የሚያገኙት። ስለዚህ በዕድል የሚመጣውን መግጠም የሚቀንሰውንና ሰፊውን ልዩነት ይበልጥ የሚቀጣውን ቁጥር፣ ባለ ክብደት ካፓን፣ አብረው ያውጡ፤ ከ0.4 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው።

ለውጡን መፈተሽ

እስካሁን ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ላይ ነው። አሁን ከትምህርቱ በፊትና በኋላ፣ በተማረውም ባልተማረውም ቡድን፣ መጠይቁንና ማነጻጸሪያውን አብረው ይውሰዱ። የሚፈለገው ቁጥር የመጠይቁ ስህተት ነው፤ መጠይቁ ሲቀነስ ማነጻጸሪያው። ስህተቱ በአራቱም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ትልቅም ቢሆን ለውጡን አያዛባም፤ በቅነሳው ይጠፋፋል። በተማረው ቡድን ከትምህርቱ በኋላ ብቻ ካደገ ግን መጠይቁ የሚለካው ትምህርቱ በአንደበት ላይ ያሳደረውን ነው። ለምሳሌ ያልተማረው ቡድን በሁለቱም ጊዜ በ0.4 ድርሻ ቢያበዛ፣ የተማረው ከ0.4 ወደ 1.0 ቢያድግ፣ ከተመዘገበው ጭማሪ 0.6 ድርሻው ከገበታው አልመጣም። ለዚህ ፍተሻ ባዮማርከር ከሁሉ ይመረጣል፤ የተማረ ሰው ትውስታውንም ሊያሳምር ይችላልና።

የመለኪያ መንሸራተትን ለመቀነስ መጠይቁን የሚያስሞላው አሠልጣኙ ራሱ አይሁን። አዘውትሮ የሚታየው ጥፋት ይህ ነው፤ ለስድስት ሳምንት ያስተማረዎትን ሰው ዓይን እያዩ «አልተለወጥኩም» ማለት ይከብዳል። ለዕውቀትና ለአመለካከት ጥያቄዎች በማብቂያው ላይ «ከትምህርቱ በፊት እንዴት ነበሩ?» ብሎ ወደኋላ መጠየቅ የመመዘኛውን መለዋወጥ ያስወግዳል። ለተበላ ምግብ ግን አይመከርም፤ ሰው መሻሻሉን ለማሳየት የቀድሞውን ዝቅ አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል።

ሪፖርቱ ውስጥ የትኛው ጥያቄ ለምን ዓላማ እንደበቃ ለየብቻ ይጻፍ፤ መጠይቁን በጅምላ «ትክክለኛ» ማለት አይበቃም። የማነጻጸሪያው ዓይነት፣ የቀናቱ ብዛት፣ ጠያቂው ማን እንደነበርና የወጡት ሰዎች ቁጥር ይካተት። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢቀየር፣ መልስ መስጫው ከወረቀት ወደ ስልክ ቢዛወር ወይም መጠይቁ ለሌላ ዕድሜና ትምህርት ደረጃ ቢሰጥ፣ ቢያንስ የአረዳድ ቃለ መጠይቁና የድጋሚ ሙከራው እንደገና ይሠራሉ።